ነጩ ሰዓት

«ዛሬ ከስምንት እስከ አስር ነጭ ናት። እሷን እልካለሁ፤ ብቻ የሆራን ቤት እንዳይሰርዙት ጋሼ።»

ኤቢሴ ይህን የሰማችው የልብስ ሳፋ ተሸክማ በሳሎኑ መስኮት ስር ስታልፍ ነው። የአጎቷ ሚስት እትዬ አሰለፈች ስልክ ሲያወሩ ሰውየው ላንጋኖ ዳር ያለ ይመስል ይጮሃሉ፤ የሚያናግሯቸው የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ አስፋው ግን ከሦስት ቤት በኋላ ነው የሚኖሩት። ነጭ ናት የተባለችው ኤቢሴም ነጭ ልትባል የምትችል ልጅ አይደለችም፤ የወለንጪቲ ፀሐይ ያሳደጋት፣ የአዳማ ፀሐይ የደገማት ጠይም ናት። ለነገሩ እትዬ አሰለፈች ስለ መልኳ አልነበረም የሚያወሩት። ስለ ወረቀቱ ነበር። ሳፋውን መሬት አስቀመጠችና ባለችበት ቆመች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ስምንት ሰዓት ላይ ኮሌጅ ተገኝታ ለኮስት አካውንቲንግ ፈተና መቀመጥ አለባት።

ወረቀቱን ከሠራችው አራት ሳምንቷ ነው። የእትዬ አሰለፈች ልጅ ምንተስኖት ስለ ጥናት ሰዓት አጠቃቀም አንድ ቪዲዮ ስልኩ ላይ አይቶ ኖሮ እንደ ሐኪም አዘዘላት። ሳምንቱን በመስመር ክፈይው፣ የጥናቱን ሰዓት ሰማያዊ ቀቢው፣ የክላሱን ቀይ፣ የቤቱን ሥራ ቢጫ፣ ጥቂት ነጭ ደግሞ ተይ፤ ነጩ የምትተነፍሺበት ነው አላት። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም፤ አላስፈለገውም። ኤቢሴ ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገልብጣ፣ ከዙለይካ ሱቅ ቢጫ ማርከር ገዝታ፣ ሁለት ምሽት ፈጅታ ቀባችው። መጀመሪያ የሰቀለችው ከአልጋዋ በላይ ነበር። የምትተኛው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ አጎቷ ሆራ ከመቂ በአይሱዙ ከሚያመላልሰው ሽንኩርት የተረፈው ጆንያና የማይሠራው ማቀዝቀዣ አጠገብ ነው። እትዬ አሰለፈች ወረቀቱን አዩትና ወደዱት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ብታደርጊው እኮ እኛም እናውቀዋለን፣ በጥናትሽ ሰዓት አንረብሽሽም አሏት። ቅን ሐሳብ ነው። ኤቢሴም ደስ ብሏት ራሷ አዛወረችው።

እትዬ አሰለፈች ትምህርት ያቆሙት ከሁለተኛ ክፍል ነው። ፊደል ያደክማቸዋል፤ ቀለም ግን አያደክማቸውም። በሦስት ቀን ውስጥ ወረቀቱን ከባለቤቲቱ የበለጠ አወቁት። ሰማያዊውን፣ እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ አክብረውታል። በሰማያዊው ሰዓት ኤቢሴን ጠርተዋት አያውቁም፤ የሚያልቅበትን ደቂቃ ጠብቀው ነው የሚጠሯት። ነጩ ግን ባለቤት እንደሌለው መሬት ሆነ። ነጩ ላይ ወፍጮ ቤት ይኬዳል፣ ነጩ ላይ የበሰበሰው ሽንኩርት ከደህናው ይለቀማል፣ ነጩ ላይ የጎረቤት ሕፃን ይጠበቃል። ሰፈሩም ለመደው። ኤቢሴ ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ነው ነጭ የምትሆነው እያለ የሚጠይቅ ሁሉ መጣ። ከወረቀቱ በፊት እዚህም እዚያም የምትደብቃት ሩብ ሰዓት፣ ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ የምትሰርቃት አምስት ደቂቃ ነበረቻት። አሁን ሁሉም በር ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

የዛሬዋን ቅዳሜ ከስምንት እስከ አስር ነጭ የተወችው ራሷ ናት። ልትቀባው እስክሪብቶ አንስታ ነበር። ሰማያዊ እንዳትለው ፈተና ጥናት አይደለም፤ ቀይ እንዳትለው ክላስም አይደለም። ለዚህ ብላ አራተኛ ቀለም መግዛት ደግሞ ዘበት መሰላት። ፈተናዋን የሚረሳ ሰው የት አለ ብላ አለፈችው። ልጅቷ ሐቀኛ ናት፤ አንዳንዴም ከልክ በላይ።

ሳሎን ስትገባ እትዬ አሰለፈች ግራ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ፋሻውን እየፈቱ ነበር። ስኳር ያለበት እግር ነው፤ ቁስሉ ደረቀ ሲባል ያመረቅዛል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል፤ አንዲት ሴት ያለ ድምፅ አፏን እየከፈተች ትዘፍናለች። ከሳሎኑ ጋር በር የሚጋራው የምንተስኖት ክፍል ዝግ ነው። ምንተስኖት ዘንድሮ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ከጥር ጀምሮ በዚህ ቤት ቴሌቪዥን የሚታየው በዓይን ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ።»

እትዬ አሰለፈች ፋሻውን ጠቅልለው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«የቱ ጋ?»

«ኮሌጅ ነዋ።»

«ወረቀቱ ላይ ነው የምልሽ። የቱ ጋ?»

ኤቢሴ ፈተና ጥናት እንዳልሆነ፣ ለዚያ ብላ እንዳልቀባችው አስረዳች። ስታስረዳው ለራሷም የሞኝ ነገር መሰላት። እትዬ አሰለፈች አልተቆጡም። እኔ አንቺ የቀባሽውን ነው የማነበው ልጄ፣ ብትቀቢው ኖሮ ለሰው ቃል አልገባም ነበር አሏት። ይህ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ነው ያስቸገረው። ከትናንት በስቲያ ያረፉት ጋሽ አምባዬ፣ የድሮው የባቡር ሠራተኛ፣ ድንኳናቸው ከመንገዱ ማዶ ተተክሏል። የዛሬ ከሰዓት የወጥ ቤት ተራ የሆራ ቤት ነው። ይህ ቤት ከዚህ በፊት ከሁለት ተራ ቀርቷል፤ ከሦስተኛው የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል። ሁለቱ የቀሩት እትዬ አሰለፈች በዚሁ እግር ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ ነበር። የሐኪም ማስረጃ የመጣለት ቤት ይቅርታ ይደረግለታል፤ ማስረጃውን ለዕድሩ ማድረስ የነበረበት አጎቷ ሆራ ግን አይሱዙው ኪስ ውስጥ እንደያዘው እስከ ዛሬ ከመቂ አዳማ፣ ከአዳማ መቂ ያመላልሰዋል።

«ምንተስኖት ቢሄድስ?» አለች ኤቢሴ። «ዕድሩ ሰው ይምጣ አለ እንጂ ሴት ብቻ አላለም።»

እትዬ አሰለፈች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና በዓይናቸው ዝጉን በር አመለከቱ።

«እያጠና ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ከበሩ ወዲያ የእግር ኳስ ዘጋቢ ድምፅ ለአፍታ ተሰማና ወዲያው ታፈነ። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። እትዬ አሰለፈች እግራቸውን ከበርጩማው አወረዱ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ፣ ነጠላቸውን መፈለግ ጀመሩ። አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ፤ ላባቸው ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ከልባቸው ይሁን ለማሳየት ኤቢሴ ያን ጊዜም አላወቀችም፣ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስልም።

«አስተማሪሽ ሌላ ቀን ይፈትንሻል» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። «እኔን ግን ሁለቴ አይቀብሩኝም።»

ሌላው ቀን ዛሬ ነው። ኤቢሴ ይህን ማለት ትችል ነበር። እሳቸው ሆስፒታል በተኙበት አሥራ አንድ ቀን አልጋቸው ስር ካርቶን አንጥፋ ስታስታምም የማጠቃለያ ፈተናው አልፏታል። የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ የዲፓርትመንት ኃላፊው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ነው የዛሬውን ድጋሚ ያገኘችው። ኃላፊው ሲፈርምላት ለድጋሚ ድጋሚ የለውም ብሏታል። አጎቷም ወለንጪቲ ሄዶ ከአባቷ ሲረከባት እስከ መጨረሻው አስተምራታለሁ፣ አንድን ዓመት ግን ሁለቴ አልከፍልም ብሎ ነው። ዛሬ ከቀረች ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለእትዬ አሰለፈች ነግራቸው አታውቅም። በሽተኛ ይጨንቀዋል ብላ ነው የተወችው። አሁን ብትናገረው ደግሞ ያስታመመችበትን የምትቆጥርባቸው ይመስላል።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች። «እኔ እሄዳለሁ።»

ልብሱን ሳታጥበው ሳፋው ውስጥ ነክራ ተወችው፤ በወረቀቱ ላይ ቢጫ ሰዓት ነበር። የምትሄደው ከሰዓት ቢሆንም አምስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ጋ ደረሰች። ዘዴ አስባ ነበር፤ ቀደም ብላ ገብታ እጥፍ ሠርታ፣ ጋሽ አስፋውን ለምና፣ ሰባት ተኩል ላይ መውጣት። ጋሽ አስፋው ከድንኳኑ በር ላይ መዝገባቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተቀምጠዋል። አዳማ በዚህ ወር ከአራት ሰዓት በኋላ የሚተነፈስ አየር የላትም፤ ነፋስ ሲነሣም አቧራውን ይዞ ነው የሚነሣው። እሳቸው ግን ኮታቸውን አላወለቁም፤ ድንኳን ባለበት ጋሽ አስፋው ኮት አያወልቁም። ነገሯን በትዕግሥት ሰሟት። ሴት ልጃቸው ቢሾፍቱ ኮሌጅ እንደምትማር፣ የፈተና ጭንቀት ምን እንደሆነ እንደሚያውቁ አጫወቷት። ከዚያ ዕድሩ ስም የሚጠራው በተራው መጨረሻ፣ አስር ሰዓት ላይ ብቻ መሆኑን ነገሯት። ድሮ መጀመሪያ ላይ ይጠራ ነበር፤ አቤት እያለ የሚሾልከው በዛና ወደ መጨረሻው ተዛወረ። ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤ የተወሰነ ነው።

«አንቺን ባሳልፍ እኮ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ተማሪ ነው የሚሆነው» አሏት ፈገግ ብለው። «ሥሪ ግድ የለሽም። እግዜር ያውቃል።»

እግዜር ማወቁ ደግ ነው፤ መዝገቡ ያለው ግን እሳቸው ዘንድ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ሸራ ተወጥሮ ሴቶቹ ይሠራሉ። ሱቋን ለእህቷ ልጅ ትታ የመጣችው ዙለይካ፣ በንግግሯ መሐል ወላሂ ሳትል የማታልፍ የወሎ ሴት፣ ቦታ ለቀቀችላት። ኤቢሴ ሽንኩርት ተቀበለች። ሽንኩርት ከሦስት ዓመት ወዲህ ሥራዋም ጎረቤቷም ነው፤ ሳታይ ትከትፈዋለች። ስለዚህ የታጠፈውን የኮስት ሃንዳውት ከትሪው ስር አድርጋ በአንድ ዓይኗ ማንበብ ጀመረች። ሴቶቹ ያወራሉ፤ ሽንኩርት መቶ ሃያ መግባቱን፣ ጋሽ አምባዬ ባቡሩ ሲቆም ያለቀሱት ለሚስታቸው ካለቀሱት እንደሚበልጥ፣ ንፍሮው ጨው እንደበዛበት። አንዷ የምታነቢው ጸሎት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዙለይካ ቀበል አድርጋ፣ ጸሎት ነው፣ ግን ማርክ አለው አለቻት፤ ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ፣ ለቅሶ ቤት ነዋ። ኤቢሴ የሽንኩርቱን ውሃ ከወረቀቱ ላይ በክርኗ ጠረገች። የጋራ ወጪ በክፍሎች መካከል የሚደለደልበት ምዕራፍ ላይ ነበረች። ማን ምን ያህል ተጠቀመ፣ ማን ምን ያህል ይሸከም የሚል ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ለምንተስኖት ደወለች። ተዘግቷል። ደግማ ደወለች። በጥናት ሰዓት ስልክ ይዘጋ የሚለውም ከዚያው ቪዲዮ የተማረው ነው፤ በዚች በኩል ጎበዝ ሆኗል። ለአጎቷም ደወለች፤ አቤራ ነው የምትለው፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ የት ደረስክ ስትለው ገና ሞጆ የነዳጅ ወረፋ ላይ መሆኑን ነገራትና፣ ከእትዬሽ ጋር ተነጋገሩ፣ ፈተናሽንም እንዳትተይ አላት። ከሁለቱ የትኛውን ላድርግ ብላ ለመጠየቅ ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ትልቁን ድስት አጥባ ደፍታ ነበር። ሰባት ከአርባ ላይ ቢላዋውን አስቀመጠች። ዙለይካ አየቻት። የሽንኩርቱን ትሪ ከፊቷ ስባ ወሰደችና፣ ሂጂ፣ እኔ ውሃ ልትቀዳ ሄደች እላለሁ አለቻት።

ባጃጆች እስከሚቆሙበት ፍራንኮ ድረስ በእግሯ ሮጠች። የባጃጁ ልጅ ኮንትራት መቶ ሃምሳ አላት፤ መቶ ሃያ ነው ያለኝ ስትለው ቀሚሷን፣ እጇን፣ ዓይኗን አይቶ፣ ለቅሶ ላይ ነሽ መሰለኝ ግቢ አላት። ኮሌጅ ስትደርስ ፈተናው ከተጀመረ አሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። ፈታኙ በር ላይ አስቁሞ መታወቂያዋን አየ፣ ከዚያ የቀላ ዓይኗን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አይዞሽ አላት። አላለቀሰችም፤ ሽንኩርቱ ነው። ለማስረዳት ጊዜ አልነበራትም። ከአምስቱ ጥያቄ ሦስቱን በደንብ ሠራች፣ አራተኛውን ጀመረችው። የወጪ ድልድሉ ሦስተኛው ላይ መጥቶላት ነበር። ክፍሎቹን በመስመር ለይታ ቁጥሩን ስታስቀምጥ እጇ ወረቀቱ ላይ ሽታውን ተወ። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አፍንጫውን ይዞ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። አስር ሰዓት ላይ ወረቀቱ ከእጇ ሲሰበሰብ፣ ሰፈር ድንኳኑ በር ላይ ጋሽ አስፋው መዝገባቸውን ከፌስታሉ የሚያወጡበት ደቂቃ መሆኑን አስባ ሰዓቷን አየች።

የሆነውን የነገረቻት ዙለይካ ናት፣ ወደ ቤት ስትመለስ ሱቋ በር ላይ አስቁማ። የሆራ ቤት ተብሎ ሲጠራ ዙለይካ፣ አለች፣ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነው ብላ መለሰች። ጋሽ አስፋው ጥሩ አሉና እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ጠበቁ። ሌላውን ስም ጠርተው ጨርሰው ጠበቁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ውሃ እኮ ሩቅ አይደለም፣ ቧንቧው እዚሁ ነው አለ አንዱ። ሩብ ሰዓት ያህል ከጠበቁ በኋላ ጋሽ አስፋው አንገታቸውን ነቅንቀው በሆራ ቤት ስም ላይ መስመር አሰመሩ። ወላሂ እሳቸውም ደስ አላላቸውም አለቻት ዙለይካ። ከዚያ ፈተናው እንዴት ነበር ብላ ጠየቀቻት፤ በዚያ ቀን ይህን የጠየቀቻት እሷ ብቻ ናት። አንድ ፓኬት ብስኩት በእጇ አስያዘቻት፣ ሂሳቡን ስትል እጇን አወናጨፈች።

ቤት ስትደርስ እትዬ አሰለፈች ሳሎን ነበሩ። እግራቸው በርጩማው ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ይሠራል። እንዴት ዋሉ እትዬ አለች። ደህና አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድብ ቢሆን መልስ አለው። አቤራ የሐኪሙን ማስረጃ ያምጣና እኔ ራሴ ለጋሽ አስፋው እወስድላቸዋለሁ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን ለማለት አፏን ስትከፍት እትዬ አሰለፈች ሪሞቱን አንስተው ጣቢያ ቀየሩ። ሌላም ሰው ያለ ድምፅ ማውራት ጀመረ። ኤቢሴ ጠዋት የነከረችውን ልብስ ለማጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ በዚያ እግር ቆመው ነው ያጠቡት። የእሷ አንድ ቀሚስ ብቻ ሳይታጠብ ሳፋው ውስጥ ቀርቷል።

ወረቀቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ነጭ የለም። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ ምንተስኖት ክፍል ካለው ከእነዚያ ውስጥ። ሳምንቱ ከላይ እስከ ታች ተቀብቷል፤ እሑድ ጠዋት፣ የወፍጮው ሰዓት፣ የምሳው፣ የእራቱ። ቢጫውም ሳይቀር ተደርቦበት አረንጓዴ የመሰለ ነገር ሆኗል። ቀለሙ ከመስመር ይወጣል፣ እስክሪብቶ መያዝ የረሳ እጅ ነው፤ ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ላይ ተቀዷል። የዛሬዋ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አስር ያለችው ደግሞ ከሁሉም በላይ ደምቃለች። ሁለቴ ሳይቀቧት አልቀሩም።

እትዬ አሰለፈች ግድግዳውን ይዘው ከኋላዋ መጥተው ነበር።

«ይኸው» አሉ፣ በደህና ድምፅ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚነካሽ የለም።»

ተመልሰው ሲሄዱ የእግራቸውን ጉተታ እስከ ሳሎኑ በር ድረስ ሰማችው።

ኤቢሴ ሰርቪሷ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከወለንጪቲ ከመጣች ጀምሮ በዚህ ሰዓት እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም፤ እራት የምታቀርበው፣ እጅ የምታስታጥበው እሷ ነበረች። ሲመሽ የሳሎኑ መብራት ጓሮው ላይ ወደቀ። የሳህን ድምፅ ሰማች፣ የማስታጠቢያውን፣ የወንበሩን። ምንተስኖት ሲሥቅ፣ ከዚያ ኤቢሴ የት አለች ብሎ እናቱን ሲጠይቅ ሰማች። ነጠላ ጫማው ጓሮውን አቋርጦ መጣ። ተነሥታ ፀጉሯን አስተካከለች። ነጠላ ጫማው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ በስልኩ መብራት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሲያየው በበሯ ስንጥቅ ይታያታል። ቆይቶ በአድናቆት ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና በጣቱ እየረገጠ ተመለሰ።

«እያጠናች ነው» አላቸው እናቱን። «አልረበሽኳትም።»

ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።